ለማተሚያ ቤት ከመስጠትሽ በፊት ለጆሮ ስጪው

የጠያቂያችን ደብዳቤ፣ ለዓምዱ እንዲመጥን በጥቂቱ አጥሮ፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 29 ነው። ለገሃር አካባቢ በሚገኝ አንድ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት አገለግላለሁ፤ የምኖረው ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ከእናቴ ጋር ነው። አራት ዓመት የፈጀብኝን ልብ ወለድ ባለፈው ወር ጨርሼ፣ በመጽሐፍ መጠን ሲቀናበር 412 ገጽ ሆኗል። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር አሥራ ስምንት ሆነን በየወሩ ዕቁብ እንጥላለን፤ የዕቁቡ ዳኛ የሚቀጥለውን ዕጣ ለእኔ ሊሰጠኝ ስለ ተስማማ ገንዘቡን ለማሳተሚያ ላውለው አስቤያለሁ። ሥራዬንም ለቅቄ ሙሉ ጊዜዬን ለድርሰት ብሰጥ ደስ ይለኛል፤ እናቴ ግን ‹ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?› ትለኛለች። ረቂቁን እስካሁን ለማንም አላስነበብኩም፤ ታሪኩን እንዳይሰርቁኝ እፈራለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ገጾች ልኬልዎታለሁ። ሥራዬን ልልቀቅ? መጽሐፉን ላሳትም? በብዕር ስም ቢወጣስ? ምን ይመክሩኛል? ብ. ነኝ።»

ውድ ብ.፣

ሃያዎቹን ገጾች ሁለት ጊዜ አነበብኳቸው፤ በመጀመሪያ እንደ ማንኛውም አንባቢ በዓይኔ፣ በማግሥቱ ደግሞ ቤቱ ጭር ባለበት ሰዓት ድምፄን ከፍ አድርጌ። በዓይኔ ሳነባቸው ደኅና ሆነው ነበር ያገኘኋቸው፤ እንዲያውም ያች አከራይ ሴትዮ ቁልፉን ከጡቷ ሥር አውጥታ ስትቆጥር ያሳየሽበት ቦታ አስቆኛል። በድምፅ ሳነባቸው ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ሰባተኛው ገጽ ላይ ደግሞ የሚነጋገሩት እናትና ልጅ መሆናቸው ጠፍቶኝ አንድ ሰው ብቻውን የሚያወራ መሰለኝ። ስለዚህ መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ሥራሽን አትልቀቂ፣ በዚህ ዕጣም መጽሐፍ አታሳትሚ። ምክንያቴን በጥያቄዎችሽ ቅደም ተከተል አላቀርበውም፤ የሚበዛው ያልጠየቅሽኝ ነገር ላይ ነውና ከእርሱ እጀምራለሁ።

በሰባተኛው ገጽሽ ላይ እናትየዋ ልጇን፣ «ልጄ ሆይ፣ በአሁኑ ወቅት የምንገኝበትን አስቸጋሪ የኑሮ ሁኔታ ከግምት ውስጥ ልታስገቢ ይገባል» ትላታለች። እንዲህ የምትናገር እናት ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ ሰባራ ባቡር ድረስ ብትፈልጊ አታገኚም፤ ብትገኝም ዜና አንባቢ ሆና ጡረታ የወጣች መሆን አለባት። የገዛ እናትሽ በደብዳቤሽ ውስጥ የተናገሩት «ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?» የሚል ሦስት ቃል ነው፤ በእነዚያ ሦስት ቃላት ግን የደመወዝ ቀን የሚጠብቅ ቤት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ የተከፈለባቸው ዓመታት፣ ቅሬታና ፍቅር አንድ ላይ ይሰማሉ። ችግሩ ጆሮ ማጣትሽ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል። ለእኔ ስትጽፊ የሰማሽውን ጻፍሽ፤ ልብ ወለድ ስትጽፊ ግን «ጽሑፍ ነውና ጽሑፍ ይምሰል» ብለሽ የቢሮ ደብዳቤ ቋንቋ አለበስሽው። በሒሳብ ክፍል ለረጅም ጊዜ የሠራ ሰው «ከላይ በተጠቀሰው መሠረት» የሚለውን ሐረግ ከእጁ ማስለቀቅ እንደሚቸግረው አውቃለሁ፤ እኔም ወጣት ሳለሁ በመዝገብ ቤት ሠርቼ ለፍቅረኛዬ የጻፍኩትን ደብዳቤ «ጉዳዩ፦» ብዬ ልጀምረው ጥቂት ነበር የቀረኝ።

አሁን ደግሞ አማርኛ ለልብ ወለድ ጸሐፊ ከሚሰጣቸው ስጦታዎች ሁሉ ትልቁ ወደሚመስለኝ ልምጣ፤ እርሱም የአጠራር ነገር ነው። በአማርኛ አንድ ሰው ሌላውን ሳይመዝነው አፉን ሊከፍት አይችልም። አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ፤ ከእነዚህ አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው፤ ምርጫውም ዕድሜን፣ ቅርበትን፣ ቂምን፣ የተወለዱበትን አገር፣ አንዳንዴም ምን ያህል ብር እንዳለባቸው ይናገራል። አንቺ እንኳ «ጋሼ» እና «ይመክሩኛል» ብለሽ ስትጽፊልኝ በመካከላችን ያለውን ርቀት ለክተሽ አስቀምጠሻል፤ እኔም «አንቺ» ብዬሽ ርቀቱን ተቀብያለሁ። በልብ ወለድሽ ውስጥ ግን የሃያ አምስት ዓመቱ ተከራይ ስድሳ ዓመት ያለፋቸውን አከራይ አራተኛው ገጽ ላይ «እርስዎ» ይላቸዋል፣ ዘጠነኛው ገጽ ላይ «አንቺ» ይላቸዋል፤ በመካከሉ ግን ምንም አልተፈጠረም። ይህ የእርማት ስሕተት ሳይሆን ያመለጠሽ ታሪክ ነው። አንድ ተከራይ አከራዩን ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» የሚያወርድበት ቀን ወይ የተጣሉበት፣ ወይ ሴትዮዋ ለእናትነት የቀረቡበት፣ ወይ ደግሞ በሰፈሩ የሚያስወራ ነገር የተጀመረበት ቀን ነው፤ ሦስቱም ምዕራፍ ይወጣቸዋል።

ሌላ ምሳሌ ልስጥሽ። ባሏን ሃያ ዓመት «አንተ» ስትል የኖረች ሚስት በሽማግሌዎች ፊት ተቀምጣ ስለ እርሱ ስትጠየቅ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «እሳቸው ያውቃሉ» ብትል፣ ትዳሩ ማብቃቱን ለአንባቢ የሚያስረዳ ተጨማሪ ዓረፍተ ነገር አያስፈልግም። አንቺ ግን በአሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ተመሳሳይ ነገር ለመናገር አንድ ሙሉ አንቀጽ ፈጅተሽ፣ «ልቧ እንደ ብርጭቆ ተሰባበረ» ብለሽ ዘጋሽው። እንዲሁም «አንቱ» የሚለው ቃል ከአንድ የገጠር አዛውንት አፍ ሲወጣና ዛሬ በአንድ ባንክ መስኮት ላይ የቆመ ወጣት «እርስዎ» ሲል ሁለቱ የተለያዩ ዓለማት ናቸው። ይህን ልዩነት ለመስማት የተለየ ትምህርት አያሻም፤ ከአራት ኪሎ ወደ ለገሃር በምትሄጂበት ታክሲ ውስጥ የጆሮ ማዳመጫውን ማውለቅ ይበቃል። ረዳቱ አንዷን «እናቴ»፣ ሌላዋን «እህት»፣ ከረባት ያሰረውን «አለቃ» የሚልበትን ምክንያት እያሰብሽ ሂጂ።

ሁለተኛው የጆሮ ጉዳይ ግስ ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በግስ ስለሚዘጋ፣ ጸሐፊው ካልተጠነቀቀ ገጹ ሁሉ በአንድ ዓይነት ድምፅ ይደመደማል። በአምስተኛው ገጽሽ ላይ ብቻ አሥራ ዘጠኝ «ነበር» ቆጥሬያለሁ፤ «ሄዳ ነበር፣ ቆሞ ነበር፣ ዘንቦ ነበር» እያለ ሲቀጥል ታሪኩ በማያቋርጥ ከበሮ ላይ የተጫነ ይመስላል። «ገባች፣ አየች፣ ተቀመጠች፣ አለቀሰች» የሚለው ደግሞ የሕፃናት መዝሙር ይሆናል። መድኃኒቱ በቋንቋው ውስጥ ነው ያለው። ማሰሪያ ግሱን አዘግይተሽ፣ በመካከሉ ያሉትን ድርጊቶች አንዱን በሌላው ላይ አንጠልጥለሽ መጓዝ ትችያለሽ፤ ከዚያም ባልተጠበቀበት ቦታ በአጭሩ ትቆርጪዋለሽ። «በሩን ከፍታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዕጣን ወደሚጨስበት ጓዳ ገባች። ማንም የለም።» ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሁለት ቃል ብቻ መሆኑንና ጊዜውም ከኃላፊ ወደ አሁን መዞሩን አስተውይ፤ «በዚያም ማንም ሰው አልነበረም ነበር» ቢል ኖሮ ድንጋጤው በመንገድ ላይ ይቀር ነበር።

ለዚህ ነው በድምፅ ማንበብን አጥብቄ የምመክርሽ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ መጽሐፉን በእጃቸው ያልያዙ ብዙ ሰዎች ታሪኩን የሚያውቁት ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚለው ዝግጅት ሲተርከው በመስማት ነው። የተራኪው ችሎታ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ጽሑፉ ራሱ ለጆሮ ባይመች ኖሮ ማንም ተራኪ በዚያ መጠን ሊሸከመው አይችልም ነበር። አንባቢያችን ቡና እየተፈላ፣ ጎረቤት እየገባና እየወጣ ተረት ሲሰማ ያደገ ነው፤ ብቻውን ተቀምጦ በዓይኑ ሲያነብ እንኳ በውስጡ የሚሰማው ድምፅ አለ።

ስለ ማስዋቢያ ቃላት ብዙ አልልም። ልብ ወለድሽ «ጸጥታ በሰፈነባት፣ ጨረቃ ብርሃኗን በፈነጠቀችባት በዚያች ሌሊት» ብሎ ይጀምራል። በመሐል አዲስ አበባ መብራት ካልጠፋ በቀር ጨረቃን የሚያያት ሰው ብዙ አይደለም፤ ጸጥታውንም ውሾቹ አይፈቅዱትም። የመጀመሪያውን አንቀጽ ሰርዘሽ በሁለተኛው፣ ማለትም አከራይዋ ቁልፍ በሚቆጥሩበት ቦታ ጀምሪው። በፊደል አጣጣል ረገድም «ሰዓት» እና «ሠአት» በአንድ ገጽ ላይ ተገናኝተው አይቻለሁ፤ የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት፣ ወይም ሌላ አንድ መርጠሽ፣ እርሱን ብቻ ተከተይ።

አሁን ወደ ሥራሽ። «ሙሉ ጊዜዬን ለድርሰት» የሚለው ምኞት የሚከበር ነው፤ ነገር ግን የአማርኛ መጽሐፍ ገበያ ለደራሲ ወርኃዊ ደመወዝ ከፍሎ የሚያኖር ሆኖ አያውቅም። ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ስለሆነ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲወጣ 56 ዓመታቸው ነበር፤ እስከዚያ ድረስ መምህር፣ አርበኛ፣ በጣሊያን አገር እስረኛ፣ ከዚያም ዲፕሎማት ሆነዋል። በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛና የመንግሥት ሹም ነበር። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በጋዜጣና በመጽሔት ዝግጅት ክፍሎች ሠርቷል፤ ከሥራዎቹ አንዱ ለኅትመት እስኪበቃ ድረስ አሥርት ዓመታት ጠብቋል። እነዚህ ሰዎች እንጀራቸውን ከሌላ ቦታ እየቆረሱ ነው የጻፉት፤ ያ ሌላ ቦታም ልብ ወለዳቸውን መግቦታል። አንቺም ከሒሳብ ክፍል የምትወስጂው ነገር አለሽ፤ የደመወዝ ሊስት የሚያይ ሰው ማን በብድር እንደሚኖርና ማን ለማን ዋስ እንደ ሆነ ያውቃል። (ስም እየቀየርሽ ጻፊው፤ ከሥራ የሚያስወጣሽ ድርሰት መሆን የለበትም።)

ጊዜ አላገኝም እንዳትዪኝ፤ ይህን 412 ገጽ የጻፍሽው በሥራ ላይ ሆነሽ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥተሽ እስከ 12 ተኩል ብትጽፊ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብተሽ የሳምንቱን ብታርሚ ይበቃሻል። ከቤትሽ በእግር የሚደረስ፣ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የተከፈተ ቦታ ነው። ተማሪዎቹ ለፈተና ሲያጠኑ አንቺ «ነበር» ትሰርዢያለሽ።

ስለ ማሳተም የምናገረው በራሴ ላይ ከደረሰው ተነሥቼ ነው። የመጀመሪያዋን የግጥም መጽሐፌን ያሳተምኩት በተበደርኩት ገንዘብ ነበር። አንድ ሺህ ቅጂ ታትሞ በካርቶን ታሽጎ ሲመጣልኝ የት እንደማስቀምጠው እንኳ አላሰብኩበትም። ለምርቃቱ የመጡት ሰዎች በይሉኝታ ገዙ፤ ለስላሳ ጠጡ፤ ጨብጠውኝ ሄዱ። (የመጽሐፍ ምርቃት ላይ የሚሸጠው ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በደራሲው ዘመድ ብዛት ነው።) ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ የካርቶን ታሪክ ነው። ሁለቱ ካርቶኖች በእናቴ ቤት የቡና ረከቦት ማስቀመጫ ሆነው ዓመታት ቆዩ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ስኒ የሚደረደረው በግጥሞቼ ላይ ነበር። ጥፋቱ የአከፋፋዩም የአንባቢውም አልነበረም፤ ሳልጨርሰው ያወጣሁት የእኔ ነበር። ያልጠለለ ድፍድፍ ለእንግዳ ቀዳሁ።

ሒሳብ አዋቂ ስለሆንሽ ቁጥሩን ራስሽ ትሠሪዋለሽ፤ እኔ የማስታውስሽ መጠየቅ ያለብሽን ነው። ወረቀት ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው ከምንዛሪ ጋር ይወጣል፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የዛሬ ዓመት የሰማሽው የማተሚያ ዋጋ ዛሬ አይሠራም። ስለዚህ ቢያንስ ከሦስት ማተሚያ ቤቶች ፕሮፎርማ ሰብስቢ፤ የወረቀቱን ግራም፣ የሽፋኑን ዓይነትና የጥረዛውን ነገር በጽሑፍ አስፍረው ይስጡሽ። መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ በ16 ገጽ እጥፍ (ታጥፎ 16 ገጽ በሚወጣው ትልቅ ወረቀት) ስለሚታተም 412 ገጽ 25 ሙሉ እጥፍ ሆኖ 12 ገጽ ይተርፈዋል፤ ለእነዚያ 12 ገጾች ደግሞ ሌላ እጥፍ ትከፍያለሽ። 12ቱን ገጽ በመቁረጥ ብቻ ወጪ ይቀንሳል። እኔ ግን ካነበብኩት ተነሥቼ ስገምት መቶ ገጽ ቢወጣለት ታሪኩ ራሱ ይተነፍሳል። ከታተመም በኋላ አከፋፋዩ ከሽፋን ዋጋው ላይ ድርሻውን የሚወስድ፣ ለአንቺም የሚከፍልሽ በአብዛኛው ከተሸጠ በኋላ ስለሆነ፣ ብድር በዚህ ገንዘብ እከፍላለሁ ብለሽ ቀን አትቁረጪ። በቴሌግራም በፒዲኤፍ ስለሚሠራጨውም ማሰብ ይኖርብሻል፤ ይህ ግን የታወቀ መጽሐፍ ችግር ነውና እስክትደርሺበት ይቆይ።

ይሰርቁኛል ለሚለው ሥጋትሽ ሕጉ አጭር መልስ አለው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራሽ የሚጠበቀው ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ጥበቃው በምዝገባ ላይ አይመሠረትም፤ በሕይወት ዘመንሽና ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ማስረጃ እንዲሆንሽ ከፈለግሽ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገብ ትችያለሽ። ሕጉ የሚጠብቀው ግን አጻጻፉን እንጂ ሐሳቡን አይደለም፤ ተከራይና አከራይ በዚህ ከተማ የማንም የግል ንብረት አይደሉም። ከዚህ የሚከብደው ጉዳት ረቂቁ ያለ አንድ አንባቢ ማተሚያ ቤት መግባቱ ነው።

ለማን ታስነብቢያለሽ? ለሥራ ባልደረቦችሽ አይሁን፤ ነገ ተያይታችሁ ምሳ ስለምትበሉ «ግሩም ነው» ይሉሻል። ብዙ የሚያነብ አንድ ሰው፣ ያንን ሰፈር ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ አዛውንት፣ ከዚያም ክፍያ የሚቀበል አንድ አርታኢ ፈልጊ። አርታኢ ማለት ፊደል የሚያርም ማለት ብቻ አይደለም፤ «ይህ ምዕራፍ ለምን አስፈለገ?» ብሎ የሚጠይቅሽን ምረጪ። የመጀመሪያዋ አድማጭሽ ግን እናትሽ ይሁኑ። እሑድ ቡና ሲፈላ አንድ ምዕራፍ አንብቢላቸው፤ «እንዴት ነው?» ብለሽ አትጠይቂ፣ ፊታቸውን ብቻ እይ። ሳትጨርሺ ተነሥተው ወደ ጓዳ ከሄዱ የሄዱበትን መስመር በእርሳስ አስምሪበት። «እንዲህማ አይባልም» ካሉሽ እንዴት እንደሚባል ጠይቀሽ በራሳቸው ቃል ጻፊው። የተማርሽበት ነገር ምን ላይ እንደ ዋለ የሚያዩትም በዚያው ነው።

የብዕር ስም መጠቀም መብትሽ ነው፤ ሕጉም ያውቀዋል። ከመሥሪያ ቤትሽ ለመሰወር ከሆነ ምክንያቱ ይገባኛል። ከእናትሽ ለመሰወር ከሆነ ግን ምዕራፉን እያነበብሽላቸው ስለማይሆንልሽ ተዪው።

ዕቁቡን በሚመለከት፣ ከአሥራ ስምንቱ አባላት መካከል ገንዘብ አጣድፎት ዕጣውን የሚፈልግ ሰው አይጠፋም፤ ለዳኛው ነግረሽ ተራሽን ለእርሱ ልቀቂና የመጨረሻውን ዕጣ ያዢ። ዕቁቡ ገና ጅምር ላይ ከሆነ እስከዚያ ከዓመት በላይ አለ። ሁለተኛውን ረቂቅ በአንድ ክረምትና በአንድ ዐቢይ ጾም ትጨርሺዋለሽ ብዬ እገምታለሁ፤ ሲያልቅ አዲሶቹን ሃያ ገጾች ላኪልኝ፣ አሁንም ጮክ ብዬ አነባቸዋለሁ።